መስፈርትን ከኮድና ከቴስት ጋር ማሰር፦ ለትንሽ ቡድን የሚሆን የትሬሰቢሊቲ አሠራር

«ይህ ኮድ ለምን እዚህ ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «እሱን እንትና ነው የሚያውቀው» ከሆነ፣ እንትና ሥራ የለቀቀ ቀን መልሱም አብሮት ይሄዳል። ትሬሰቢሊቲ ይህን መልስ ከሰው ጭንቅላት አውጥቶ ከሥራው ጋር ማሰር ነው። ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በርስት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት፤ መሐል ላይ አንድ ስም ከጎደለ ክርክሩ ይላላል። እዚህም ከኮዱ ተነሥተን እስከ ጠያቂው፣ ከጠያቂው ተነሥተን እስከ ኮዱ መቁጠር መቻል አለብን።

ለምሳሌ የሚሆነን ይህ ነው። በቡሬ ዙሪያ ያለ አንድ የገበሬዎች ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማህበር የማዳበሪያ ሽያጭ መመዝገቢያ ሲስተም ያሠራል እንበል። አባላቱ ዩሪያና ኤንፒኤስ በ50 ኪሎ ከረጢት ይወስዳሉ፤ ለእያንዳንዱ አባል በማሳው ስፋት የተመደበ መጠን አለ፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የመጋዘን ሠራተኛው ያስረክባል። ሲስተሙን ባሕር ዳር የተቀመጡ ሦስት ዴቨሎፐሮች ይሠሩታል። መስፈርቱ፣ ማለትም ሲስተሙ ሊያደርገው ይገባል ተብሎ የተጻፈው ነገር፣ 60 ገደማ ነው።

አብዛኛው ቡድን ትሬሰቢሊቲ ሲባል ኤክሴል ከፍቶ ማትሪክስ መሙላት ይጀምራል፤ በጎን መስፈርት፣ በላይ ቴስት፣ መሐሉ ላይ ምልክት። ይህ ሠንጠረዥ በተሞላበት ቀን ልክ ነው፤ በሳምንቱ ውሸት ነው። ኮዱ ሲለወጥ ሠንጠረዡን የሚያስታውሰው የለምና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ማትሪክስ በእጅ አይሞላም። ትስስሩ ሥራው በሚሠራበት ሰዓትና ቦታ ይጻፋል፣ ማትሪክሱን ስክሪፕት (በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያወጣዋል።

ጥልቀቱን ወስኑ

ለአውሮፕላን ሶፍትዌር የሚሠራበት ዲኦ-178ሲ የተባለው ሰነድ ከመስፈርት እስከ ኮድ፣ ከኮድ እስከ መስፈርት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ትስስር ይጠይቃል። የማዳበሪያ ሽያጭ አውሮፕላን አይደለም። ለእኛ ምሳሌ ከጥያቄ ወደ መስፈርት፣ ከመስፈርት ወደ ዲዛይን ውሳኔ፣ ወደ ኮሚት (የተመዘገበ አንድ የኮድ ለውጥ) እና ወደ ቴስት ከታሰረ ይበቃል። ከፋይልና ከመስመር ቁጥር ጋር አትሰሩ፤ ከላይ ሁለት መስመር ሲጨመር ከታች ያለው ሁሉ ይዛነፋል።

1. መለያ ቁጥር ስጡ

ቀላል ይመስላል፤ በአማርኛ ስንሠራ ግን አብዛኛው ችግር የሚወለደው እዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፊደል፣ አጭር ሰረዝና ሦስት አኃዝ ስጡት። ጥ ለባለጉዳይ ጥያቄ፣ መ ለመስፈርት፣ ዲ ለዲዛይን ውሳኔ፣ ቴ ለቴስት፦ ጥ-007፣ መ-014፣ ዲ-003፣ ቴ-031።

ፊደሎቹ ዝም ብለው አልተመረጡም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው፤ የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም አጻጻፍን አንድ ወጥ ማድረጊያ ስልቱም፣ አንድ አያደርጋቸውም። አንዱ ዴቨሎፐር «ሥ-014»፣ ሌላው «ስ-014» ብሎ ከጻፈ ፍለጋው አንዱን አግኝቶ ሌላውን ይተዋል፤ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። ስለዚህ የሀ-ሐ-ኀ-ኸ፣ የሰ-ሠ፣ የአ-ዐ እና የጸ-ፀ ቤተሰቦች በመለያ ውስጥ አይግቡ። በላቲን ፊደል መሥራት የመረጠ ቡድንም ጥሩ ነው፤ ብቻ ሁለቱን አይቀላቅል።

ሰረዙም ያስቸግራል። ከዎርድ ሰነድ ሲገለበጥ አጭሩ ሰረዝ አንዳንዴ ወደ ረጅሙ ተለውጦ ይመጣል፤ ዓይን አይለየውም፣ ስክሪፕት ይለየዋል። ኤክሴል ደግሞ ፊደል የሌለውን «014» ወደ 14 ያሳጥረዋል፣ «3-14» የሚለውን ቀን ነው ብሎ ይቀይረዋል። ከፊት ያለው ፊደል ከሁለቱም ያድናል። የግዕዝ አኃዝ መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ዜሮ ስለሌለው በሦስት ቦታ እኩል ተሰድሮ አይደረደርም። ለመለያ አይሆንም።

ሁለት ሕጎች ደግሞ አይጣሱ። ቁጥሩ ትርጉም አይሸከም፤ «3.2.1» ብላችሁ ከሰነዱ ምዕራፍ ጋር ካያያዛችሁት፣ ምዕራፉ ሲዛወር ቁጥሩም ይለወጣል፣ ወደ እሱ የሚያመለክተው ሁሉ ይበጠሳል። የተሰረዘ መስፈርት ቁጥርም ለሌላ አይሰጥም። ፋይሉ ይቆያል፤ ሁኔታው «የተሰረዘ» ይባላል።

2. መስፈርቱን ከኮዱ ጎን አስቀምጡ

በጊት (የኮድ ለውጥን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ሪፖዚተሪው፣ ማለትም ኮዱ በሚቀመጥበት ማከማቻ ውስጥ «መስፈርት» የሚል ፎልደር ክፈቱና ለእያንዳንዱ መስፈርት አንድ የጽሑፍ ፋይል አድርጉ። ጥቅሙ ሁለት ነው። የመስፈርቱ ለውጥ ከኮዱ ለውጥ ጋር በአንድ ታሪክ ይመዘገባል። ሁሉም ነገር በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ቅጂ ስለሆነ ደግሞ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም፤ በድረ ገጽ ብቻ የሚከፈት የመስፈርት መሣሪያ ይህን አይሰጥም። የፋይሉ ይዘት እንዲህ ይሁን፦

መለያ፦ መ-014
እትም፦ 2
መስፈርት፦ የአንድ አባል የዩሪያ ግዢ በምርት ዘመኑ ከተመደበለት መጠን የሚያልፍ ከሆነ ሲስተሙ ሽያጩን አይመዘግብም።
ምንጭ፦ ጥ-007
ምክንያት፦ ድልድሉ በአባል ስለሆነ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይጎድልበታል።
ማረጋገጫ፦ ቴስት
ሁኔታ፦ የጸደቀ

ከመስኩ ስም በኋላ የሚመጣውን ምልክት አንድ አድርጉ። «፦»፣ «፡»፣ «፥» እና የላቲኑ ሁለት ነጥብ አራት የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው፤ በስልክ የተጻፈና በላፕቶፕ የተጻፈ ፋይል በዚህ ይለያያል። የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል ከሆነ ጊት በነባሪው ስሙን በጥቅስ ውስጥ እንደ ቁጥር ዝርግፍ ያሳያል፤ «ኮር.ኮትፓዝ» (core.quotePath) የሚባለውን ቅንብር «ፎልስ» (false) ስታደርጉት ፊደሉ ይመለሳል።

መስፈርቱ ራሱ የሚታሰር ዓይነት መሆን አለበት። «ሲስተሙ ሽያጩን አይመዘግብም፤ ቀሪውን መጠንም በኪሎ ያሳያል» የሚለው ሁለት መስፈርት ነው። አንዱ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ትስስሩ ምን ይላል? መ-014 እና መ-015 ብላችሁ ለዩት። «በፍጥነት»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በቀላሉ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ደግሞ ቴስት አይያያዝለትም፤ ከሰንሰለቱ ይወጣል ወይም በቁጥር ይገለጻል።

3. ወደ ላይ እሰሩ፦ ማን ጠየቀ?

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ኦርሌና ጎቴልና አንቶኒ ፊንከልስታይን በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ የትሬሰቢሊቲ ችግር ከሚባለው የሚበዛው መስፈርቱ ሰነድ ላይ ከመስፈሩ በፊት ካለው ሂደት እንደሚመጣ አሳይተዋል። ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለውና ከማን ጋር እንደተስማማ አይታወቅም።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጥ-ፋይል ክፈቱና የተጠየቀበትን ቀን፣ የጠያቂውን የሥራ ድርሻ፣ ጥያቄው የተገኘበትን ሰነድና ነጥብ ጻፉ። የሰው ስም ሳይሆን ድርሻውን ጻፉ፤ ገንዘብ ያዥ ይቀያየራል፣ የገንዘብ ያዥነት ሥራ ግን ይቆያል። ምንጩ ቃለ ጉባኤ ከሆነ ቁጥሩንና አጀንዳውን፣ የቃል ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ጠያቂው በኋላ አንብቦ የተስማማበትን ጽሑፍ አስቀምጡ።

የቆየ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ በኮምፒዩተር ሲመጣላችሁ ፎንቱን አረጋግጡ። ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው። ገልብጣችሁ በጽሑፍ ፋይል ስትለጥፉት ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ በፍለጋም አይገኝም። የሚያስፈልጋችሁን አንቀጽ እንደገና ተይቡት፤ ዋናውን በፒዲኤፍ አያይዙት።

ቀንም ያምታታል። ጊት ጊዜን የሚይዘው በራሱ ቆጠራ ነው፤ የሚያሳየውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ቃለ ጉባኤው ግንቦት 12 ቀን 2017 ሲል ኮሚቱ ሜይ 20 ቀን 2025 ይላል፤ አንድ ቀን ናቸው። በጥ-ፋይሉ ሁለቱንም አጻጻፍ አስቀምጡ። ሰዓትም እንዲሁ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው ስብሰባ ኮሚቱ ላይ 9 ሰዓት ነው።

4. ልጅ ወላጁን ይጥራ፣ ወላጅ ልጁን አይጥራ

ትስስሩ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ ያም ቦታ ከታች ያለው ነው። ቴስቱ «የማረጋግጠው መ-014ን ነው» ይላል፤ የመ-014 ፋይል ግን «የሚያረጋግጠኝ ቴ-031 ነው» አይልም። በሁለቱም በኩል ከተጻፈ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል፣ ከዚያ የትኛው እውነት እንደሆነ አይታወቅም። ወደ ታች የሚሄደውን ዝርዝር ስክሪፕቱ ገልብጦ ያወጣዋል።

ዲዛይን ላይ ብዙ አትድከሙ። እያንዳንዱን ሥዕል ማሰር አያስፈልግም። ሌላ አማራጭ እያለ የተወሰነውን ብቻ መዝግቡ። «ዲ-003፦ የአባል ቀሪ መጠን በዳታቤዝ አይከማችም፤ ከሽያጭ መዝገብ በየጊዜው ይሰላል። መ-014/2፣ መ-015/1።» ከመለያው በኋላ ያለው ቁጥር የመስፈርቱ እትም ነው፤ ጥቅሙ ከታች ይመጣል።

5. ኮሚቱን እሰሩ

የኮሚት መልእክት የመጨረሻ መስመር የመስፈርቱን መለያና እትም ይያዝ፦

ተመላሽ ከረጢት ከተወሰደው መጠን ላይ እንዲቀነስ ተደረገ

መስፈርት፦ መ-014/2

አንድ ነገር ልብ በሉ። በኮሚት መጨረሻ የሚጻፉ መስኮችን የሚያነበው የጊት የራሱ መሣሪያ የመስኩን ስም የሚያውቀው በላቲን ፊደል፣ በአኃዝና በሰረዝ ሲጻፍ ብቻ ነው። «መስፈርት» የሚለውን በግዕዝ ከጻፋችሁ የሚያነብላችሁ የራሳችሁ ስክሪፕት ይሁን። ስክሪፕቱን በፓይተን 3 ጻፉት። በሼል የተጻፈ ፍለጋ የቋንቋ ቅንብሩ ካልተስተካከለ በባይት ይቆጥራል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን ፋይል ላይ የማስቀመጫ ስልት) ሦስት ባይት ስለሆነ «አንድ ፊደል» ብላችሁ የጻፋችሁት ፓተርን የፊደሉን ሢሶ ብቻ ይይዛል።

መለያ የሌለውን ኮሚት የሚከለክል «ኮሚት-ሜሴጅ» (commit-msg) ሁክ፣ ማለትም ኮሚት ሲደረግ ጊት በራሱ የሚያስኬደው ትንሽ ፕሮግራም፣ አስገቡ። ሁክ ግን ሪፖዚተሪው ሲወርድ አብሮ አይወርድም። ፎልደሩን በሪፖው ውስጥ አድርጉና እያንዳንዱ ዴቨሎፐር «ኮር.ሁክስፓዝ»ን (core.hooksPath) ወደዚያ ያዙር። ያም ሆኖ ሁክን በአንድ ትእዛዝ መዝለል ይቻላልና ያው ምርመራ ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ከመዋሃዱ (መርጅ ከመደረጉ) በፊት ሰርቨር ላይ ይደገም። የላፕቶፑ ሁክ ማስታወሻ ነው፤ በር ጠባቂው ሰርቨሩ ነው።

ሁሉም ኮሚት መስፈርት የለውም። የላይብረሪ እትም ማሻሻል፣ ኮድ ማጽዳት፣ የፊደል ግድፈት ማረም «ጥገና» የሚል ቃል ይያዙ። ይህ በር ካልተከፈተ ሰው የቀረበውን ቁጥር እየለጠፈ ያልፋል፤ መ-001 ላይ 200 ኮሚት ተንጠልጥሎ ካገኛችሁ የሆነው ይህ ነው። በሌላ በኩል ከኮሚቱ ግማሹ «ጥገና» ከሆነ በሩ ከልክ በላይ ተበርግዷል፤ በሪቪው (ሌላ ሰው ኮዱን በሚያይበት) ጊዜ ጠይቁ።

ብራንች (ለብቻው የተሠራ የኮድ ቅርንጫፍ) ሲዋሃድ ኮሚቶቹን ወደ አንድ የምትጨፈልቁ ከሆነ የየኮሚቱ የመጨረሻ መስመር ሊጠፋ ይችላል። የተጨፈለቀው መልእክት ሁሉንም መለያ መያዙን ያረጋገጠ ሰው ነው መርጅ የሚያደርገው።

6. ቴስቱን እሰሩ

በፓይቴስት (የፓይተን ቴስት መሣሪያ) ከሆነ ማርከር፣ በጄዩኒት (የጃቫ) ከሆነ ታግ የሚባለውን በቴስቱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ተጠቀሙ፤ በአስተያየት መስመር ላይ ብቻ መጻፍ ስክሪፕቱን ያደክማል። በእጅ የሚደረግ ሙከራ ከሆነ ቴ-ፋይል ክፈቱለት፦ የሚረጋገጠው መስፈርት፣ እርምጃዎቹ፣ የሚጠበቀው ውጤት፣ የተሞከረበት የኮድ እትም፣ ያገኛችሁት ውጤት።

አንድ ቴስት መኖሩ መስፈርቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ለመ-014 ቢያንስ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። 150 ኪሎ የተመደበለት፣ 100 የወሰደ አባል 50 ሲጠይቅ ይፈቀድለታል፤ 100 ሲጠይቅ ይከለከላል፤ 150 ወስዶ አንድ ከረጢት የመለሰ ሰው 50 ሲጠይቅ ይፈቀድለታል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ባጉ የሚደበቀውም እዚያ ነው።

ቀን የሚነካ መስፈርት ካለ ጳጉሜንን አትርሱ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የለም። ሲስተሙ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን መመለስ አለበት። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ደረሰኙ በውጭ ላይብረሪ የቀን ስሌት ተሠርቶ 13ኛ ወር የሌለው ዓመት ይወጣላችኋል።

7. ማትሪክሱን አውጡ

ስክሪፕቱ የመስፈርት ፋይሎችን፣ የዲዛይን ፋይሎችን፣ የኮሚት ታሪክንና የቴስት ውጤት ፋይሉን ያነባል። የቴስት ኮዱን ብቻ ካነበበ የተዘለለና የወደቀ ቴስት እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ውጤቱን ያንብብ። ከሙሉው ሠንጠረዥ ይልቅ በየዕለቱ የሚጠቅሙት አራት አጫጭር ዝርዝሮች ናቸው፦ የጸደቀ ሆኖ ኮሚት ወይም ያለፈ ቴስት የሌለው ልጅ አልባ መስፈርት፤ የሌለ ወይም የተሰረዘ መስፈርት የሚጠራ ወላጅ አልባ ኮሚትና ቴስት፤ ምንጭ የሌለው መስፈርት፤ የድሮ እትም የሚጠራ ተጠርጣሪ ትስስር።

ሰርቨሩ ሁለተኛው ዝርዝር ባዶ ካልሆነ መርጅ ይከልክል። የቀሩት ማስጠንቀቂያ ይሁኑ፤ ለእትም መልቀቂያ ቀን ግን ሁሉም ባዶ ይሁኑ። ለማህበሩ ሥራ አመራር የሚሰጠው በኤክሴል ከሆነ ሲኤስቪውን (በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለውን የሠንጠረዥ ፋይል) በዩቲኤፍ-8 ከነመነሻ ምልክቱ (BOM) አስቀምጡ፤ ያለዚያ አማርኛው ተበላሽቶ ይከፈታል።

ስክሪፕት መጻፍ የማይፈልግ ቡድን ዶርስቶፕ የተባለውን ነፃ መሣሪያ ይሞክር። እሱም መስፈርትን በፋይል በሪፖው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወላጁ ሲለወጥ ትስስሩን ተጠርጣሪ ብሎ ያሳያል።

8. መስፈርት ሲለወጥ

ይህ ሁሉ ልፋት የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው። ማህበሩ «ድልድሉ ከእንግዲህ በአባል ሳይሆን በቤተሰብ ይሁን» አለ እንበል። አዲስ ጥያቄ ጥ-022 ይከፈታል። መ-014 ተሻሽሎ እትሙ 3 ይሆናል፤ ምንጩ ላይ ጥ-022 ይጨመራል። ስክሪፕቱን ስታስኬዱ መ-014/2 የሚሉ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነው ይወጣሉ፦ ዲ-003፣ ሦስቱ ቴስቶችና የቅርብ ኮሚቶች።

አሁን ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሂዱበት። ዲ-003 ይጸናል? አዎ፣ ስሌቱ በቤተሰብ ይደመራል እንጂ አሁንም አይከማችም፤ ትስስሩ ወደ /3 ይታደሳል። ቴስቶቹስ? ሦስቱም አንድ አባል ብቻ ስለሚያውቁ ይሻሻላሉ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም አባል የሆኑበት አራተኛ ይጨመራል። ያለፉ ኮሚቶች አይነኩም፤ ታሪክ ናቸውና። ለዚህ ነው ስክሪፕቱ ከኮሚት የሚፈልገው አንድ ብቻ የሆነው፦ ለአዲሱ እትም ቢያንስ አንድ ኮሚት መኖሩን።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እትሙን ሳያነብ በጅምላ ማደስ ነው። በአንድ ፈልጎ-መተካት ሁሉንም /2 ወደ /3 የቀየረ ዴቨሎፐር ተጠርጣሪውን አላጣራም፣ ደብቆታል። እትም የሚያድስ ለውጥ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይዋሃድ። የፊደል ግድፈት ሲታረም ግን እትም አይጨምርም፤ ከጨመረ ማስጠንቀቂያው ይበዛና ሁሉም መናቅ ይጀምራል።

ሥራው ተጀምሮ ከሆነ

ሁለት ዓመት የሠራ ሲስተምን በሙሉ ወደኋላ ተመልሶ ማሰር አይመከርም፤ የሚገኘው ግምት ነውና። ከዛሬ ጀምሮ ያለው ኮሚት ይታሰር። ከድሮው ገንዘብና መጋዘን የሚነካውን ብቻ ለዩ፤ በእኛ ምሳሌ የድልድል ስሌት፣ ደረሰኝና የመጋዘን ቀሪ። ለእነዚህ መጀመሪያ ሲስተሙ አሁን የሚያደርገውን የሚይዝ ቴስት ጻፉ፣ ከዚያ ከቴስቱ መስፈርቱን ጻፉና «ያልጸደቀ» የሚል ሁኔታ ስጡት። ሥራውን የሚሠራው ሰው አንብቦ «አዎ፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት» ሲል ነው የሚጸድቀው።

ማንም ወላጁን የማያውቀው ኮድ ሲገኝ አትሰርዙት። መቼ እንደሚሠራ የሚመዘግብ መስመር ጨምሩበትና አንድ ሙሉ የማዳበሪያ ወቅት ይለፍበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ ለጤፍ ዘሪ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ አልፎ አንድም ጊዜ ካልተጠራ፣ ለገንዘብ ያዡና ለመጋዘን ሠራተኛው አሳዩዋቸው፤ ሁለቱም ካላወቁት ያን ጊዜ በ«ጥገና» ኮሚት ይውጣ።